ጥርስን መንከስ ትዕግሥት ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ቋንቋችን ስለ ሰው ልብ ሲናገር የሰውን አካል ሳይጠራ አያልፍም። ብዙ የሚችለውን ሰው «ሆደ ሰፊ» ይለዋል፤ የሌላውን ጥፋት የሚሸከመውን «ትከሻው ሰፊ ነው» ይለዋል። ተበድሎ መልስ ያልሰጠ ሰው «ጥርሱን ነክሶ ቻለው» ይባላል፤ ያፈረ «አንገቱን ደፋ» ይባላል፤ ልጁ የሞተበት ደግሞ «ወገቤ ተቆረጠ» ብሎ ያለቅሳል። አባቶቻችን እንዲህ ሲናገሩ ከሕክምና መጽሐፍ ተምረው አልነበረም። ነገር ግን በልብ የተያዘ ነገር በልብ ብቻ እንደማይቀር፣ ወደ ጥርስና ወደ አንገት፣ ወደ ትከሻና ወደ ወገብ እንደሚወርድ አስተውለው ነበር።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ጥያቄ ከእነዚህ አነጋገሮች የሚነሣ ነው። ሰው ሲበደል፣ ሲያዝን ወይም ሲፈራ ስሜቱን ለማንም ሳይገልጥ፣ ለራሱም እንኳ ሳያምን፣ ጥርሱን ነክሶ ቢኖር ይህ በእውነት ክርስቲያናዊ ትዕግሥት ነውን? ወይስ የትዕግሥትን ልብስ የለበሰ ሌላ ነገር ነው? ጥያቄው ለክርክር ያህል ብቻ የቀረበ አይደለም። ብዙዎቻችን «ቻለው»፣ «ቻዪው» እየተባልን ያደግን ነን። ከእኛም መካከል በወጣትነት ዕድሜያቸው አንገታቸው እንደ እንጨት የደረቀባቸው፣ ጠዋት ሲነሡ መንጋጋቸውን የሚያማቸው፣ ወገባቸው አላስቀምጥ ያላቸው አሉ።

በሰውነት ውስጥ ምን ይሆናል?

በመጀመሪያ ነገሩን ከሥጋችን በኩል እንመልከተው። በሰው አካል ውስጥ አጥንትን የሚያንቀሳቅሱ ከ600 በላይ ጡንቻዎች አሉ። የጡንቻ ሥራ በአጭሩ ሁለት ነው፤ መኮማተርና መላላት። ሰው ሲቆጣ ወይም ሲፈራ አንጎሉ ለመላው አካል ማስጠንቀቂያ ይልካል። ከኩላሊት በላይ ካሉት ዕጢዎች አድሬናሊን የተባለው ንጥረ ነገር ወደ ደም ይገባል፤ ልብ ፈጥኖ ይመታል፤ ደም ወደ እጅና እግር ጡንቻዎች ይዞራል፤ ጡንቻዎቹም ይገተራሉ። ዋልተር ካነን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተመው መጽሐፍ ይህ ሁሉ ዝግጅት ፍጡር ለመታገል ወይም ለመሸሽ እንዲችል የሚደረግ መሆኑን አስረድቷል።

ይሁን እንጂ እኛ የምንቆጣው አብዛኛውን ጊዜ በአውሬ ላይ አይደለም። በአለቃችን፣ በወላጃችን፣ በጎረቤታችን፣ አንዳንዴም አብሮን በሚያገለግል ጓደኛችን ላይ ነው። ስለዚህ አንታገልም፤ አንሸሽምም። ቆመን «ምንም አይደለም» እንላለን። ትእዛዙ ግን ቀድሞ ደርሷል። መንጋጋ ገጥሟል፤ ትከሻ ወደ ጆሮ ከፍ ብሏል፤ ትንፋሽ አጥሯል። ከዚያ በላይ ደግሞ ሌላ ሥራ ይጨመራል። ሊወጣ የነበረውን ቃል ለመያዝ ጉሮሮ ይታነቃል፤ እንባን ለመከልከል ፊትና ደረት ይጠነክራሉ፤ እጅን ለማገድ ክንድ ይገተራል። እንግዲህ ስሜትን ማፈን ራሱ የጡንቻ ሥራ ነው ማለት ነው። ከውጭ የሚያይ ሰው ጸጥ ብሎ የተቀመጠ ጨዋ ልጅ ብቻ ያያል፤ በውስጥ ግን ሁለት በሬዎች በአንድ ቀንበር ሆነው ወደየፊናቸው ይጎትታሉ።

ይህ ለአንድ ሰዓት ቢሆን ሰውነት ይችለዋል፤ ሌሊት ተኝቶም ይረሳዋል። ችግሩ ሲደጋገምና ወራትን ሲያስቆጥር ነው። ሳይላላ የሚቆይ ጡንቻ በውስጡ የሚያልፉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጫናል፤ ይደክማል፤ ማመም ይጀምራል። ሰውየውም ያመመውን ቦታ ለመጠበቅ ይበልጥ ይገተራል፤ መገተሩ ሕመሙን ይጨምራል፤ ሕመሙ ደግሞ መልሶ ያስገትረዋል። ከጊዜ ብዛት ነርቮቹ ራሳቸው ለሕመም ንቁዎች ይሆናሉ፤ ድሮ የማያምም ነገር ማመም ይጀምራል።

እ.ኤ.አ. በ1991 ዮራን ሄግ የተባለ ስዊድናዊ ተመራማሪ ያቀረበው መላ ምት ነገሩን ለመረዳት ይጠቅመናል። በአንድ ጡንቻ ውስጥ ያሉት ክሮች ሁሉ እኩል አይሠሩም። ለቀላል ሥራ አስቀድመው የሚጠሩት ጥቂት ትናንሽ ክሮች ናቸው፤ እነዚሁ ክሮች ጡንቻው ፈጽሞ እስኪላላ ድረስ አያርፉም። ተመራማሪው እነዚህን ክሮች በአውሮፓ ተረት ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድማ ተነሥታ ከሁሉ በኋላ በምትተኛው በሲንደሬላ ስም ጠርቷቸዋል። እኛም በየቤቱ ማልዳ እሳት የምታነድደውን፣ ሁሉም ከተኛ በኋላ ዕቃ የምታጥበውን ልጅ ማሰብ እንችላለን። ከባድ ሸክም ሳይሸከም ትከሻው የሚዝል ሰው በውስጡ እንዲህ ያለች ዕረፍት የሌላት ሠራተኛ አለችው ቢባል ከእውነት የራቀ አይደለም።

ስሜትን መደበቅ ስሜቱን የሚያጠፋ ቢሆን ኖሮ ዋጋው ተገቢ በሆነ ነበር። ነገር ግን አያጠፋውም። ጄምስ ግሮስና ሮበርት ሌቨንሰን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ጥናት ሰዎችን የሚዘገንን የሕክምና ፊልም አሳዩአቸው። ከተመልካቾቹ ለከፊሎቹ «የሚያያችሁ ሰው ምን እንደተሰማችሁ እንዳያውቅ አድርጉ» የሚል መመሪያ ተሰጠ። እነዚህ ሰዎች ፊታቸውን መግዛት ቻሉ፤ የተሰማቸው መጸየፍ ግን ስሜታቸውን ካልደበቁት አላነሰም። በቆዳቸው ላብና በጣታቸው የደም ሥር የተለካው ውጥረት እንዲያውም ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ጆን በርንስና ባልደረቦቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 የቆየ የወገብ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ሲያጠኑ፣ ሆን ተብሎ በሚያናድድ ሁኔታ ውስጥ ገብተው ንዴታቸውን እንዲያፍኑ የተነገራቸው ሰዎች ከዚያ በኋላ በተደረገ የሕመም ፈተና የበለጠ ሕመም እንደተሰማቸው አይተዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ እንዲህ ያለው ሕመም የሐሰት ሕመም አይደለም። «ሐሳብ ነው እንጂ ምንም የለብህም» ማለት በቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው። መነሻው ስሜት ቢሆንም የሚያመው ሥጋ እውነተኛ ሥጋ ነው። ሁለተኛ፣ የጡንቻና የአጥንት ሕመም ሁሉ ከታፈነ ስሜት የሚመጣ አይደለም። ከሩቅ እንጨት ተሸክማ የምትመጣን እናት ወገቧን ሲያማት «ያልተናገርሽው ኀዘን አለ» ማለት ግፍ ነው፤ የሚያስፈልጋት ሸክሟን የሚያቀልላት ሰው ነው። ትኩሳት ያለው፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያነቃ፣ ክብደት የሚቀንስ፣ እግርን የሚያደነዝዝ ወይም ሽንትን የሚያስቸግር የጀርባ ሕመም ሲገጥም ቶሎ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል፤ የአከርካሪ አጥንት ቲቢና ሌሎች ከባድ በሽታዎች እንዲህ ሊጀምሩ ይችላሉና።

«ቻለው» የሚለው ትምህርት ከየት መጣ?

ወንዱ ልጅ ሲያለቅስ «ወንድ ልጅ በሆዱ ነው የሚያለቅሰው» ይባላል። ሴቲቱ ልጅ ስትከፋ «ጨዋ ልጅ አትመልስም» ትባላለች። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንመጣ ደግሞ ማንም ሳይነግረን የምንማረው ነገር አለ፤ አገልጋይ አይቆጣም፣ አያዝንም፣ አይፈራም የሚል። በእርግጥ ይህ ትምህርት መልካም ሥር አለው። አንደበትን መግታት፣ ታላቅን ማክበር፣ በክፉ ፈንታ ክፉ አለመመለስ የክርስትና ምግባር ነው። ነገር ግን መልካሙ ሥር ሌላ ቅርንጫፍም አብቅሏል።

በታሪካችን ከዚህ የከበደ ነገር አለ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ልጆቻቸው የተገደሉባቸው ብዙ ወላጆች በአደባባይ እንዳያለቅሱ ተከልክለው ነበር። ይህ ለሕዝባችን ምን ማለት እንደሆነ እናስብ። አባቶቻችን ለሞተ ሰው ማልቀስን «እርም ማውጣት» ይሉታል። ድንኳን ተጥሎ፣ ዘመድና ዕድርተኛ ተሰብስቦ፣ የሟቹ ስምና ሥራ እየተጠራ ሲለቀስ በውስጥ የነበረው ይወጣል፤ ኀዘንተኛውም ቀስ በቀስ ወደ ሥራው ይመለሳል። ያን ጊዜ ግን የብዙዎች እርም ሳይወጣ ቀረ። እነዚያ እናቶች ጥርሳቸውን የነከሱት ወደው አልነበረም፤ የቀሩትን ልጆቻቸውን ለማትረፍ ነበር። ስለሆነም ማንም ሊወቅሳቸው አይችልም። የሟቾቹ ፎቶግራፎች በግልጽ የሚታዩበት የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው። ከሞት ለመትረፍ የተለመደ ዝምታ ግን አደጋው ሲያልፍ አብሮ አያልፍም። በየቤቱ ጠባይ ሆኖ ይቀራል፤ ልጆችም «የሆድን በሆድ» መያዝ ብቻ ጥበብ መስሎአቸው ያድጋሉ።

ትዕግሥትና ማፈን በምን ይለያያሉ?

እንግዲህ ወደ ዋናው ጥያቄያችን እንምጣ። ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ ምሳሌ እናንሣ። እንበልና አንድ ወጣት በሰንበት ትምህርት ቤቱ ገንዘብ ይይዛል። አንድ ቀን ሒሳብ ይጎድላል፤ ከጓደኞቹ አንዱ በሰው ፊት በቀልድ አስመስሎ ይጠረጥረዋል። ወጣቱ ፊቱ ይቀላል፤ ነገር ግን «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ ዝም ይላል። ሒሳቡ በኋላ ይገኛል፤ ይቅርታ የጠየቀው ግን የለም። እርሱም አይናገርም፤ ማገልገሉን ይቀጥላል። ሁሉም «እንዴት ያለ ታጋሽ ልጅ ነው» ይላሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ አንገቱን ማዞር ያቅተዋል፤ ራሱን ያመዋል፤ የዚያ ጓደኛው ድምፅ ሲሰማ ጥርሱ ይገጥማል። ለሰላምታ እጁን ይሰጠዋል፤ ዓይኑን ግን አይሰጠውም። በመጨረሻም አንድ እሑድ ይቀራል፤ በሚቀጥለውም ይቀራል። «ምን ነካው?» ይባላል። መልሱን የሚያውቅ የለም። የበደለው ጓደኛው እንኳ መበደሉን አያውቅም።

ይህ ወጣት ታግሦአልን? ከውጭ ሲታይ አዎን ያሰኛል። ነገር ግን ትዕግሥትን ከማፈን የሚለዩ ሦስት ምልክቶች ያሉ ይመስለናል።

አንደኛ፣ ታጋሽ ሰው የያዘውን ያውቃል። «ተበድያለሁ፤ ተቆጥቻለሁ፤ ነገር ግን አሁን አልናገርም» ይላል። ስሜቱን የሚያፍን ሰው ግን «ምንም አልሆንኩም» ይላል፤ ይህንንም ለሰው ብቻ ሳይሆን ለራሱና በጸሎት ለእግዚአብሔርም ይናገራል። እንግዲህ የመጀመሪያው እውነተኛ ነው፤ ሁለተኛው ግን ሳያውቀው ይዋሻል። ውሸት ደግሞ ለጨዋነት ቢነገርም የትዕግሥት መሠረት ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛ፣ የታጋሽ ዝምታ ከፍቅር ይወጣል፤ የታፈነ ሰው ዝምታ ከፍርሃት ይወጣል። ታጋሹ ዝም የሚለው የወንድሙን ስም ላለማጉደፍ ወይም ቁጣው እስኪበርድ ነው። ሌላው ግን «ብናገር ይጠሉኛል፤ ደካማ ይሉኛል፤ ክርስቲያን አይደለህም ይሉኛል» ብሎ ነው።

ሦስተኛ፣ ትዕግሥት ቀጠሮ አለው። የሚናገርበትን ጊዜ፣ ቦታና ሰው ይፈልጋል፤ ሲያገኝም ይናገራል ወይም በእውነት ይቅር ብሎ ይተወዋል። ማፈን ግን ቀጠሮ የለውም። ዛሬን ለነገ ያስተላልፋል፤ ነገም ለሳምንት፤ ዕዳውን የሚከፍለው አንገትና ወገብ ነው።

በዚህ ላይ የሚረሳ አንድ ነገር አለ። ጌታችን ወንድምህ ቢበድልህ ሄደህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ንገረው ብሎ እንዳስተማረ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ተጽፏል። ትእዛዙ የተሰጠው ለበደለኛው አይደለም፤ ለተበደለው ነው። ለምን ይሆን? ያልተነገረው ወንድም በምን ይጸጸታል? በምንስ ንስሐ ይገባል? በምሳሌው ያየነው ወጣት ዝም ሲል ራሱን ብቻ አልጎዳም፤ ጓደኛውንም የመመለስ ዕድል ነፈገው። ሁለቱን ያጣላቸው የጎደለው ሒሳብ ሳይሆን ያልተነገረው ቃል ሆነ። እንግዲህ ጥርስን ነክሶ መኖር በሥጋ ላይ ከሚያደርሰው ጉዳት በላይ በፍቅር ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አለ ማለት ነው።

ታዲያ እንጩህን?

አንዳንድ አንባቢ «እንዲህ ከሆነ የተቆጣ ሁሉ ይጩህ፤ የተናደደ ሁሉ ይሳደብ ማለታችሁ ነውን?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። አይደለም። ቁጣን መዘርገፍ ያሳርፋል የሚለው አስተሳሰብ በሰፊው የተሰራጨ ቢሆንም ሲመረመር እውነት ሆኖ አልተገኘም። ብራድ ቡሽማን የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው ጥናት፣ የተናደዱ ሰዎች ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ መለማመጃ ከረጢት እንዲመቱ ቢደረግ ቁጣቸው ከመብረድ ይልቅ ጨምሮ ተገኝቷል፤ ጸጥ ብለው የተቀመጡት ከእነርሱ ይሻሉ ነበር። እሳት ላይ ነፋስ ቢጨመር ይነድዳል እንጂ አይጠፋም።

ማፈንና መዘርገፍ ተቃራኒ ቢመስሉም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ነገሩን ለሚገባው ሰው በሚገባው ቃል አይናገሩም። ቃየልን እናስታውስ። መሥዋዕቱ ባልተቀበለው ጊዜ ፊቱ ጠቆረ። እግዚአብሔርም ለምን እንደተቆጣና ፊቱ ለምን እንደጠቆረ ጠየቀው። የሚናገርበት በር ተከፍቶለት ነበር፤ አምላክ ራሱ ጠያቂ ሆኖ ቆሞለታል። ቃየል ግን ለዚያ ጥያቄ መልስ እንደሰጠ አልተጻፈም። ቀጥሎ የምናገኘው በሜዳ ላይ ነው። ያልመለሰው ቃል በእጁ ወጣ።

በሐና ታሪክ ደግሞ የዚህን ተቃራኒ እናያለን። ሐና ልጅ በማጣትዋና በባላንጣዋ ስድብ ምክንያት እህል አልቀምስ ብላ ታለቅስ ነበር። ባልዋ ሊያጽናናት ቢሞክርም አልሆነላትም። እርስዋ ግን ወደ ሴሎ መቅደስ ገባችና ምሬትዋን ሳትሸፍን በእግዚአብሔር ፊት አፈሰሰች። ከንፈርዋ ሲንቀሳቀስ ድምፅዋ ስላልተሰማ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። እርስዋም አልተሳደበችም፤ ዝም ብላም አልሄደችም፤ ሴት ልጅ ኀዘን ቢጸናባት እንደምትጸልይ በትሕትና አስረዳችው። ዔሊም ባረካት። ከዚህ በኋላ የተጻፈውን በጥንቃቄ እናስተውል። ሐና ሄዳ በላች፤ ፊትዋም ከዚያ ወዲያ ኀዘንተኛ አልሆነም። ይህ የሆነው ሳሙኤልን ከመፀነስዋ በፊት ነው። ልጁ ገና አልተሰጣትም፤ ፊትዋ ግን ተፈታ። ሸክሙ የቀለለው ልመናው ሲፈጸም ሳይሆን ሲነገርና የሚሰማው ሲያገኝ ነበር።

ቅዱስ ዳዊትም በመዝሙር 31 ኃጢአቱን ሳይናገር ዝም ባለ ጊዜ አጥንቱ እንዴት እንደደከመ ይመሰክራል። ነቢዩ የዝምታውን ዋጋ በአጥንቱ ቆጠረው።

ከሁሉም በላይ ምሳሌያችን ጌታችን ራሱ ነው። በአልዓዛር መቃብር አጠገብ በሰው ፊት አለቀሰ፤ የሚያስነሣው መሆኑን እያወቀ እንባውን አልከለከለም። በጌቴሴማኒ ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ ማዘንዋን ለሦስቱ ደቀ መዛሙርት ነገራቸው፤ ከእርሱም ጋር እንዲቆዩ ለመናቸው። በሊቀ ካህናቱ ፊት አንዱ ሎሌ በጥፊ ሲመታው መልሶ አልመታውም፤ ዝምም አላለውም፤ ክፉ ተናግሬ እንደሆነ መስክር፤ ካልሆነ ስለ ምን ትመታኛለህ ብሎ ጠየቀው። በዚያው ሌሊትና በማግስቱ በሐሰት ሲከሱት ደግሞ ዝም ያለበት ጊዜ ነበር። እንግዲህ ዝምታውም ንግግሩም በፈቃዱ ነበሩ። ትዕግሥት ማለት ይህ ነው፤ መናገር የሚችል ሰው የመረጠው ዝምታ፣ ዝም ማለት የሚችል ሰው የመረጠው ቃል።

ምን እናድርግ?

ነገሩን በቃል ብቻ እንዳንተወው ጥቂት ምክር እንጨምር።

፩. ሰውነታችንን እንጠይቅ። ማታ ለጸሎት ስንቆም አስቀድመን መንጋጋችን ገጥሞ እንደሆነ፣ ትከሻችን ወጥቶ እንደሆነ፣ ትንፋሻችን አጥሮ እንደሆነ እናስተውል። ኤድመንድ ጃኮብሰን የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1929 ባሳተመው መጽሐፍ ያስተማረው ቀላል ልምምድ አለ። እጅን ጥቂት ጊዜ አጥብቆ መጨበጥ፣ ከዚያም ለቅቆ የመላላቱን ስሜት ማስተዋል፤ እንዲሁም በክንድ፣ በትከሻ፣ በፊትና በእግር በየተራ ማድረግ ነው። ብዙ ጊዜ የተገተረ ሰው መገተሩን ስለማያውቅ ልዩነቱን መልሶ መማር ያስፈልገዋል። የስግደት ሥርዓታችንም ሰው በነፍሱ ብቻ ሳይሆን በጉልበቱና በግንባሩ ጭምር እንደሚጸልይ ያሳስበናል።

፪. ስሜቱን በስሙ እንጥራው። «ደኅና ነኝ» ከማለት «አዝኛለሁ»፣ «ቀንቻለሁ»፣ «ፈርቻለሁ» ማለት ይሻላል። ለሰው መንገር ቢከብድ መጻፍ ይቻላል። ጄምስ ፔኒቤከርና ሳንድራ ቢል እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጡት ጥናት ተማሪዎች በአራት ተከታታይ ቀናት በየቀኑ 15 ደቂቃ ስለ ደረሰባቸው ከባድ ነገር እንዲጽፉ አድርገው ነበር። ስለ ነገሩም ስለ ስሜታቸውም የጻፉት ተማሪዎች በዕለቱ ቢከፉም በሚቀጥሉት ወራት ወደ ሐኪም መመላለሳቸው ቀንሶ ታይቷል። ከጻፍን በኋላ ወረቀቱን ብንቀድደውም ግድ የለም።

፫. ለሚገባው ሰው እንናገር። የበደለን ሰው ሊሰማ የሚችል ከሆነ ብቻውን አግኝተን በእርጋታ እንንገረው። «አንተ ሁልጊዜ እንዲህ ነህ» ከማለት «በዚያ ቀን የተናገርከው ነገር አሳዝኖኛል» ማለት በቂ ነው። ነገሩ የማይቻል ሲሆን ሽማግሌ እናስገባ። የነፍስን ጉዳይ ለንስሐ አባታችን እንንገር፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትምና። ነገር ግን በቤት ውስጥ ድብደባ ወይም ሌላ ግፍ የሚደርስበት ሰው ብቻውን ከበዳዩ ጋር ይነጋገር አይባልም። እንዲህ ያለው ሰው በፍጥነት ለሚታመን ታላቅ፣ ለሐኪም ወይም ለሕግ መንገር ይኖርበታል። በዚህ ቦታ «ቻዪው» ማለት ከበዳዩ ጋር መተባበር ነው።

፬. ጆሮ እንሁን። ይህ ለእያንዳንዳችን የተሰጠ አገልግሎት ነው። ወንድማችን ሊናገር ሲጀምር ገና ሦስት ቃል ሳይጨርስ «እግዚአብሔር ያውቃል፤ ተወው» ብለን የምንዘጋው ብዙ ጊዜ ለእርሱ አስበን ሳይሆን የእርሱን ኀዘን መስማት ለእኛ ስለሚከብደን ነው። የኢዮብ ወዳጆች ሊያጽናኑት በመጡ ጊዜ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ አብረውት በመሬት ተቀምጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ተናግረው ብዙ አሳዘኑት። ለቅሶ ቤት ሄዶ ዝም ብሎ መቀመጥን የለመደ ሕዝብ በሕይወት ያለን ሰው ኀዘን ቁጭ ብሎ መስማት አያቅተውም። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም የተሰሎንቄ ምእመናንን ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች እንዳያዝኑ መከራቸው እንጂ ጨርሶ አትዘኑ አላላቸውም።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ትከሻ የተፈጠረው ሸክም ሊሸከም ነው፤ የሌላውንም ሸክም መሸከም የክርስቶስ ሕግ መሆኑን ተምረናል። ነገር ግን አንዱ የሌላውን ሸክም የሚሸከመው ሸክሙ ሲገለጥለት ብቻ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ከጉባኤ ስንወጣ ከመካከላችን አንገቱ የደረቀበት፣ ፈገግታው የከበደበት ወንድም ወይም እኅት ብናይ «አይዞህ ቻለው»፣ «አይዞሽ ቻዪው» ለማለት አንቸኩል። አጠገቡ ቁጭ ብለን «ምን ሆነሃል?» እንበለው፤ እስኪናገርም እንቆይ።

የሐናን ጸሎት የሰማ አምላክ የሁላችንንም ልብ ይፍታልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።